ደመ ግቡ ሰው ሚስማር አያነሳም

አክስቴ ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። ከሥሩ የራሷን አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «አንተ እንዲህ ያለ ነገር ታውቅ የለ? የግፊት ኪኒኑን ልተወው እንዴ?»

ጽሑፉ ስለ «ማግኔት» ቃል ነው። የጸሐፊው ስም የለበትም። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሞ ነው አክስቴ ጋ የደረሰው። ባጭሩ እንዲህ ይላል። ማግኔት ከእንግሊዝኛ የመጣ አዲስ ቃል ነው፤ አማርኛ ለዚህ ነገር ስም አልነበረውም። ማግኔት ብረታ ብረትን ሁሉ ይስባል። ሰውም ማግኔት ነው፤ «የሴት ማግኔት»፣ «የገንዘብ ማግኔት» የሚባለው ለዚህ ነው። ፈረንጅ ቱጃሮቹን «ማግኔት» የሚላቸው፣ አሜሪካም «ማግኔት ትምህርት ቤት» የከፈተችው ምስጢሩ ስለገባቸው ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የምድር ማግኔት ወገብ ላይ ስለሆነች የኛ ሰው ከሁሉም ይበልጥ ይስባል። አባቶቻችን «ደመ ግቡ» ያሉት ደም ውስጥ ያለውን ብረት አውቀው ነው። ስለዚህ የማግኔት አምባር ያደረገ ሰው ደሙ ይስተካከላል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ዕድሉ ይከፈታል። መጨረሻ ላይ የአምባሩ ዋጋና ስልክ ቁጥር ተቀምጧል።

አልዋሽም፣ ጽሑፉ ይነበባል። ጸሐፊው ወግ ያውቃሉ። ችግሩ ቃሉ ሁለት ኑሮ ያለው መሆኑ ነው። አንዱ ማግኔት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሚስማር ያነሳል። ሌላው ሰው አፍ ላይ ነው የሚኖረው። ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘሉ አይነግሩንም። ጨዋታውን በፊዚክስ ያስመሰክራሉ፣ ፊዚክሱን በጨዋታ ያጣፍጣሉ። አክስቴን ኪኒን ሊያስተዋት የደረሰው ይሄ ዝላይ ነው።

ከስሙ ልጀምር። አማርኛ ስም አልነበረውም የሚለው ልክ አይደለም። «መግነጢስ» የሚል ቃል አለን። የአማርኛ ሳይንስ መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው «መግነጢሳዊ ኃይል» የሚለውን አይስተውም። «ጢ»ን ልብ በሉልኝ፤ እንግሊዝ «ጠ» ከየት አምጥቶ ይሰጠናል? አረቦችም «መግናጢስ» ነው የሚሉት። ሥሩ ግሪክ ሲሆን «የማግኔዥያ ድንጋይ» እንደማለት ነው። ማግኔዥያ በግሪክ፣ ቴሳሊ ውስጥ ያለ አገር ነው። በዛሬዋ ቱርክም በዚሁ ስም የሚጠሩ ጥንታዊ ከተሞች ስለነበሩ ድንጋዩ ስሙን ያገኘው ከየትኛው ነው የሚለው ያከራክራል።

«ማግኔት» የሚለው አጠራር ግን ከፈረንጅ ነው፣ እሺ፣ ይሁንላቸው። ከጣሊያን እንዳልመጣ ግን ጆሮ ይነግረናል። ከጣሊያን ቢሆን እንደ «ባኞ» በ«ኘ» እናላምጠው ነበር።

ይልቅ ጸሐፊው ያልነኩት የሚያምር ነገር አለ። ማግኔት የሚሠራውን ሥራ እኛ «መሳብ» እንለዋለን። ግዕዙ «ሰሐበ» ነው። አማርኛ «ሐ»ን ዋጣትና «ሳበ» አደረገው። የተዋጠችው ድምፅ «መስህብ» ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አለች። ላሊበላን «የቱሪስት መስህብ» ስንል «የቱሪስት ማግኔት» ማለታችን ነው፤ ያውም በራሳችን ቃል።

ማግኔት ብረታ ብረትን ሁሉ ይስባል የሚለው ደግሞ ኩሽና ድረስ ገብቶ ገንዘብ ያስከፍላል። በተለመደው ሙቀት በጉልህ የሚሳቡት ብረት፣ ኒኬልና ኮባልት፣ እንዲሁም ከነሱ የተሠሩ አንዳንድ ቅይጦች ናቸው። መዳብ አይሳብም። አልሙኒየም አይሳብም። ብርና ወርቅም አይሳቡም። እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ጸሐፊው ላይ አልጭንም፤ ቋንቋችንም አለበት። አማርኛ አንዱንም ብረት፣ ሌላውንም ብረት ይላል። «ብረት ድስት» የምንለው ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው።

ይህን አክስቴ ራሷ በኪሷ ተምራዋለች። ኢንዳክሽን ምድጃ ገዛች። ድስቷን ጣደች። ምድጃው ጢጥ ጢጥ ብሎ ጠፋ። ተበላሽቷል ብላ ልትመልሰው ነበር። እንዲህ ያለው ምድጃ የሚያሞቀው ራሱን ድስቱን ነው፤ ለዚህም ማግኔት የሚይዘው ቂጥ ይፈልጋል። እኔ ድስት ልገዛላት መርካቶ ስሄድ ትንሽ ማግኔት በኪሴ ይዤ ገባሁ። እያንዳንዱን ድስት እየገለበጥኩ ቂጡ ላይ አስጠጋለሁ። ባለሱቁ ትንሽ አየኝና «ወንድሜ፣ ወርቅ ቤት የገባህ መሰለህ እንዴ?» አለኝ። የሚያብረቀርቁት ስቴንለስ ድስቶችም ግማሾቹ ያዙ፣ ግማሾቹ እምቢ አሉ። ስቴንለስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ማግኔት የማይዘውም አለው።

ወርቅ ካነሳን አይቀር፣ ጸሐፊው እውነተኛ ወርቅ በማግኔት ይታወቃል ብለው ሌላ ምክር ጨምረዋል። ግማሽ እውነት ነው። ማግኔት ከያዘው ውስጡ ሌላ ነገር አለበት። ካልያዘው ግን ወርቅ ነው ማለት አይደለም፤ ናስም እኮ አይያዝም። ፈተናው ሌባውን አንዳንዴ ያጋልጣል፣ ጨዋነትን ግን አያስመሰክርም። በ2000 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመልሷል። ያኔ አንድ የፍሪጅ ማግኔት እንኳ ቢጠጋው ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም ነበር።

አሁን ወደ ዋልታዎቹ፣ ሰሜንና ደቡብ ወደሚባሉት ሁለት የማግኔት ጫፎች። ጸሐፊው አንድ ቦታ ላይ «ተቃራኒ ይሳሳባል» ይሉና ዝምተኛ ለፍላፊ ያግባ ብለው ይመክራሉ። ሁለት አንቀጽ ወረድ ብለው ደግሞ ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ይስባል፣ ስለ ሀብት ያሰበ ሀብት ይስባል ይላሉ። ሁለቱንም በማግኔት ነው ያስረዱት። ከሁለት አንዱን ይምረጡ እንጂ! በማግኔት ሕግ ተመሳሳይ ዋልታዎች ይገፋፋሉ። ስለ ሀብት ማሰብ እንደ ማግኔት የሚሠራ ከሆነ ሀብት ከሀብታም ቤት በሩጫ መውጣት ነበረበት።

ይህን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ አይደለም። ልጅ ሆኜ የአባቴ ቴፕ ሲበላሽ የስፒከሩን ማግኔት ፈልቅቄ ወሰድኩ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ቀለበት የመሰለ ነገር ነው። ግቢያችን ውስጥ አፈር ላይ ስጎትተው ጥቁር ብናኝ ይለብስና ጺም ያበቅላል። አንድ ቀን ሲሚንቶው ላይ ጣልኩትና ለሁለት ተሰበረ። ልገጥመው ብል እምቢ አለ። ስብራቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጥርስ ለጥርስ ይገጥማል፣ ሳስጠጋው ግን ይሸሻል። በሁለት እጄ ጨምቄ አገናኘዋለሁ፤ ስለቀው ተስፈንጥሮ ይሄዳል። ሰፈራችን ውስጥ የነበረው ራዲዮ ጠጋኝ ሲያየኝ ሳቀብኝ። «አንዱን ገልብጠው» አለኝ። ገለበጥኩት። ጧ ብሎ ተጣበቀ፤ ጣቴንም ቆነጠጠኝ።

አንድ ማግኔት የነበረው ሁለት ማግኔት ሆኖ ነው እንደዚያ ያደረገኝ። እያንዳንዱ ስባሪ የራሱ ሰሜንና የራሱ ደቡብ አለው። ደግመህ ብትሰብረውም እንደዚያው ነው። ሰሜኑን ብቻ ለይቶ የያዘ ማግኔት እስካሁን ማንም ይዞ አላሳየንም። እና ዝምተኛው «ሰሜን»፣ ለፍላፊዋ «ደቡብ» የሚባሉበት ትዳር ምሳሌው ከሥሩ ወልጋዳ ነው። እያንዳንዱ ሰው ሁለቱንም ተሸክሞ ነው ሠርጉ ላይ የሚመጣው።

«የስበት ሕግ» የሚለው ስም ራሱ ጉድ ነው። የመነቃቂያ ንግግር አዋቂዎች «ያሰብከውን ትስባለህ» የሚለውን ፈሊጥ ከፈረንጅ ሲያመጡ «የስበት ሕግ» ብለው ሰየሙት። ተማሪ ግን የስበት ሕግ ሲባል የሚያውቀው ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመውን፣ ድንጋይ ለምን ወደ መሬት እንደሚወድቅ የሚነግረውን ነው። አንዱ ስም ለሁለት ዋለና የመድረኩ ወሬ የኒውተንን ካባ ለበሰ። ጸሐፊው ደግሞ ሦስተኛ አድርገው ማግኔትን ጨመሩበት። ማግኔትና የመሬት ስበት ሁለት የተለያዩ ኃይሎች ናቸው። የመሬት ስበት የሚገፋው ነገር የለም፤ ሁሉንም ይጎትታል፣ ወርቁንም ላባውንም።

የምድር ወገቡ ነገር የገረመኝ እውነት ስላለበት ነው። የምድር ማግኔታዊ ወገብ የሚባለው መስመር በእውነት በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። አዲስ አበባ ላይ በነፃ የተንጠለጠለ የኮምፓስ መርፌ አግድም ተኝቶ ይቀራል ማለት ይቻላል። አውሮፓ ውስጥ ግን አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል። ኮምፓስ ሠሪዎች ለዚህ ሲሉ መርፌውን እንደሚሸጡበት አገር ሚዛን ያስይዙታል። ለሳይንስ ሰዎች ቦታው ትልቅ ነገር ነው፤ አራት ኪሎ ግቢ ያለው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የምድርን ማግኔት ሲለካ ኖሯል። ጸሐፊው የዘለሉት ቀጣዩን ነው። ወገቡ አካባቢ የምድር ማግኔት ጉልበት ይደክማል፤ ዋልታዎቹ አካባቢ ካለው ግማሽ ገደማ ነው። እና በሳቸው ሒሳብ ከሄድን፣ የማንስበው እኛ ነን።

ወደ አራዳው ትርጉም ልግባ። «የሴት ማግኔት» ንጹሕ ምስጋና ነው ብለው አልፈውታል። እንግሊዝኛው «ቺክ ማግኔት» ለወንድ ብቻ አይባልም፤ ለመኪናም፣ ለቡችላም ይባላል። ኮሌጅ ሳለን የወንድሙን መኪና እየተዋሰ የሚመጣ ጓደኛ ነበረን። አንዱ «ሰውዬው ማግኔት ነው» ሲል ሌላዋ ቀበል አድርጋ «ማግኔቷስ መኪናዋ ናት፤ እሱ ራሱ ተለጥፎባት ነው የሚዞረው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሚስማር» ሆኖ ቀረ።

ቀልዷ ጸሐፊው ያላዩትን አይታለች። ማግኔት ካለ ሚስማር አለ። ሚስማር አይመርጥም፣ አያመነታም፣ «ቆይ ላስብበት» አይልም። «የሴት ማግኔት» ስንል ሴቶቹን ሚስማር አድርገናቸዋል። ቃሉን አትበሉት አልልም፤ እኔም ስቀልድ እለዋለሁ። ግን ምስጋናው ለማን እንደሆነ እንወቅ።

«የችግር ማግኔት» የሚለውንም ከፈረንጅ ተቀብለነዋል፤ እዚህ ላይ ግን አማርኛው ይበልጣል ባይ ነኝ። ፀብ ፈልጎ የሚሄደውን «ጠብ ያለሽ በዳቦ» እንለዋለን። ምንም ሳያደርግ መከራ የሚከተለውን «ገደ ቢስ» እንለዋለን። አንዱ ጥፋተኛ ነው፣ ሌላው ምስኪን። «የችግር ማግኔት» ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ ይከታቸዋል። ያለ ጥፋቱ በየመንገዱ ትራፊክ የሚያስቆመው ወንድሜ «ማግኔት» ሲሉት ይናደዳል። እውነቱን ነው።

ቱጃሩ ማግኔት ግን ከነጭራሹ ሌላ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለት ቃላት አሉ። አንዱ ማግኔት፣ ሌላው ማግኔይት። ሁለተኛው ከላቲን «ማግኑስ» የመጣ ነው፤ ትልቅ ማለት ነው። የነዳጅ ከበርቴ፣ የመርከብ ከበርቴ የሚባለው በዚህ ነው። ከግሪኩ ድንጋይ ጋር ዝምድና የለውም። በእኛ ፊደል ሲጻፉ ግን አንዷ «ይ» ከተረሳች መንታ ይሆናሉ። ጸሐፊው «የነዳጅ ማግኔት» የሚል ትርጉም አንብበው ሀብት ስቦ ያመጣ ሰው መስሏቸዋል። ለዚህ ሰው «ከበርቴ» አለን፣ «ቱጃር» አለን። ምን ጎደለን?

ትምህርት ቤቱም እንዲሁ ነው። አሜሪካ «ማግኔት» የሚባል ትምህርት ቤት አለ። ማግኔት የሚያስተምር፣ ወይም የልጆችን የመሳብ ኃይል የሚያወጣ ግን አይደለም። ነገሩ የዘር ታሪክ አለበት። ልጅ የሚማረው በሰፈሩ ስለነበር፣ ሰፈሩ ደግሞ በዘር የተለያየ ስለነበር፣ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር የሚከለክለው ሕግ ከተሻረ በኋላም ጥቁሩና ነጩ ሳይገናኙ ይውሉ ነበር። እና አንድ ትምህርት ቤት ለየት ያለ ነገር ይሰጠው ተባለ። ወላጅ ሳይገደድ፣ ወድዶ፣ ከሩቅ ሰፈር ልጁን እንዲያመጣ። መጀመሪያ ከሚጠቀሱት አንዱ በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ነው። ሰፈር ተሻግሮ ስለሚስብ ማግኔት ተባለ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወገኖቻችን «ልጄ ማግኔት ገባች» ሲሉ ይሄንን ነው የሚሉት። እዚያው ከተማ ያለው የሞንትጎመሪ ብሌር ትምህርት ቤት የሒሳብና ሳይንስ ማግኔት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ አለ። መግባቱ ከባድ ነው። አምባር አያስገባም።

ወደ ደሙ መጣን። «ደመ ግቡ» ግሩም ቃል ነው። መልኩ፣ አኳኋኑ፣ ሁለመናው ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ማለት ነው። «ደም ግባት አላት» ይባላል። ተቃራኒውም አለ፦ «ደመ መራራ»። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ግን ሲያዩት አይወደድም። አማርኛ ሰው የመውደዱንና ያለመውደዱን ነገር ደም ውስጥ አስቀምጦታል። ጸሐፊው ይህን ማስታወሳቸው ደስ ብሎኛል። ግን ደሙ መራራ የተባለውን ሰው ደም ማንም ቀምሶ አያውቅም። ደመ ግቡውም በጎኑ ሲያልፍ ሚስማር አይነሳለትም። «አንጀቴን በላው» ሲባል አንጀት የጎደለበት ሰው አለ እንዴ?

ደም ውስጥ ብረት አለ ወይ? አለ። አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ በጠቅላላው 3 ወይም 4 ግራም ገደማ ብረት አለው፤ አብዛኛው ኦክስጅን በሚሸከመው የደም ፕሮቲን፣ በሂሞግሎቢን ውስጥ ነው። ይህ ብረት ግን እንደ ሚስማሩ አይደለም። ሚስማር ውስጥ ስፍር ቁጥር የሌላቸው የብረት አተሞች ጎን ለጎን ተሰልፈው አብረው ይጎትታሉ። ሂሞግሎቢን ውስጥ ግን አንዱ ከሌላው ተራርቆ፣ በፕሮቲን ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አሜሪካዊዎቹ ኬሚስቶች ላይነስ ፖውሊንግና ቻርልስ ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 ለክተውታል። ኦክስጅን የያዘ ሂሞግሎቢን በማግኔት አይሳብም፤ እንዲያውም በጣም በጥቂቱ ይገፋል። ኦክስጅኑን የለቀቀው በጣም በጥቂቱ ይሳባል። ሁለቱም በእጅ የማይታወቅ ነው።

ማስረጃ ከፈለጉ ኤምአርአይ፣ ማለትም በኃይለኛ ማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳየውን ምርመራ፣ የተነሳ ሰው ይጠይቁ። በብዙ ሆስፒታል ያለው ማሽን 1.5 ቴስላ (ቴስላ የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ነው፤ ከምድር ማግኔት በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበረታል። ሰው እዚያ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይተኛል። ደሙ ወደ ግድግዳው አይሮጥም። ጌጥና ቁልፍ አውልቁ የሚባለው ግን ለቀልድ አይደለም፤ በብረት የተሠራ ዕቃ ይበራል። ያ ሁሉ ጉልበት ደሙን ካልነቀነቀው፣ አክስቴ እጅ ላይ ያለው አምባር ምን ሊያደርግ ነው? ጉልበቱ ቆዳውን አልፎ ትንሽ ሲገባ ያልቃል።

ጉዳት የለውም ብሎ መተውም አይቻልም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ጠንካራ ማግኔት ደረቱ አጠገብ ማድረግ የለበትም። ዛሬ የሚሸጡት ትንንሽ ግን ኃይለኛ ማግኔቶች ኒዮዲሚየም የሚባሉት ናቸው፤ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የአምባሩ ፍሬዎች ተፈትተው ልጅ ሁለት ከዋጠ፣ በአንጀት ግድግዳ በኩል ይፈላለጉና መሐል ያለውን ሥጋ ጨምቀው ይበሱታል። ይህ ሐኪም ቤት በአስቸኳይ የሚያስኬድ ነገር ነው። ጽሑፉ ላይ ከዋጋው ጎን አንዲት የማስጠንቀቂያ ቃል የለችም።

ለአክስቴ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኳትም። እሑድ ቤቷ ሄድኩ። አምባሩን ለካ ገዝታዋለች። የግፊት መለኪያዋን አመጣሁና ከነአምባሩ ለካኋት፣ አውልቃም ለካኋት። ያው ነው። «ታዲያ ገንዘቤስ?» አለች። ለሻጩ ደወልን። አያነሳም።

ኪኒኗን ከምሳ በኋላ ወሰደች። አምባሩን ማንም ልጅ የማይደርስበት፣ ፍሪጁ ላይኛው በር ላይ ለጥፈነዋል። የመብራት ሒሳብ ወረቀት ይዟል፤ ለሱ ጎበዝ ነው።